ቡርጎኝን የጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ይኸው መልሱ

ባለፈው የወይን ለቀማ ሰሞን ቡርጎኝ ሄጄ ሰንብቼ ነበር። ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የፈረንሳይ የወይን አገር ነው። ያረፍኩት በቦን እና በኑዊ ሳን ዦርዥ ከተሞች መካከል ባለች ትንሽ መንደር (ቦን ስል የጀርመኗን አይደለም)፣ ወይን አምራች ባልና ሚስት ቤት ክፍል ተከራይቼ ነው። ይህን ከነገርኳችሁ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም አልመልስም። «ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ?» የሚለውን ለምሳሌ አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ቦሌ አካባቢ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። የወይን ዝርዝራችን ላይ ሁለት የቡርጎኝ ጠርሙሶች አሉ። አምራቹ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ የወይን ዘሩም ያው ፒኖ ኗር ነው። ዋጋቸው ግን አይገናኝም። እንግዳ «ለምን?» ሲለኝ አፌ ይያዛል። እውነት ልዩነት አለው ወይስ ስም ነው የሚሸጡልን?

መልስ፦ ሁለቱም አለበት። መጀመሪያ እውነቱን ልንገርህ።

ቡርጎኝ ውስጥ ቀይ ወይን ከሞላ ጎደል ፒኖ ኗር ነው፣ ነጩ ደግሞ ሻርዶኔ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። 1395 ላይ የቡርጎኙ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ፣ ብዙ የሚያፈራውን ጋሜ የተባለ ወይን ተነቅሎ ይጣል ብሎ አዋጅ አስነግሯል። ስለዚህ ዛሬ እዚያ አገር ሰው የወይኑን ዓይነት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የየትኛው ማሳ እንደሆነ ነው። ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ የሚወርድ ኮት ዶር የሚባል ረጅም ተዳፋት አለ። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ወርዱ ግን በእግርህ በጥቂት ደቂቃ የምታቋርጠው ቦታ ሞልቷል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። አናቱ ላይ አፈሩ ስስ ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል፣ ነፋስም ይመታዋል። ግርጌው ላይ ደግሞ አፈሩ ወፍራም ነው፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ተክሉ ይንዠረገጋል ጣዕሙ ግን ይቀጥናል። ምርጡ የሚበቅለው ወገቡ ላይ ነው፣ ኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተደባልቀው ውሃውን በልክ የሚያሳልፉበት ቦታ። ከቦን ወደ ዲዦን በዋናው መንገድ ብትሄድ በብዙ ቦታ በግራህ ያለው ዳገት ስም ያላቸው ማሳዎች ናቸው፣ በቀኝህ ያለው ሜዳ ደግሞ ተራውን ወይን የሚሰጠው ነው። አንድ አምራች ከመንገዱ ወዲህም ወዲያም መሬት ሊኖረው ይችላል። ያንተ ሁለት ጠርሙሶች ምናልባት እንዲህ ናቸው።

ደረጃው አራት ነው፦ የክልሉን ስም ብቻ የያዘ፣ የመንደር ስም የያዘ፣ ፕሪምዬ ክሩ፣ ከሁሉም በላይ ግራን ክሩ። ግራን ክሩ ከጠቅላላው ምርት 2 በመቶ እንኳን አይሞላም። ማሳዎቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፣ ድንበር አላቸው። 2015 ላይ ዩኔስኮ 1,247ቱን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

አሁን ስሙ ወደሚሸጥበት ልምጣ። ቮን ሮማኔ የምትባል መንደር ጀርባ ሮማኔ ኮንቲ የሚባል ማሳ አለ። ስፋቱ 1.8 ሄክታር ነው፣ በቃ። ሰው ከዓለም ዙሪያ ሊያየው ይመጣል፣ ያለው ግን ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥርና አንድ የድንጋይ መስቀል ነው። እኔም ሄጄ ቆሜ ከጎኑ ካለው ማሳ የሚለይበትን ነገር ብፈልግ ብፈልግ በዓይን የሚታይ ምንም የለም። 2018 ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ የ1945 ምርት የሆነ አንድ ጠርሙስ በ558,000 ዶላር በጨረታ ተሸጧል። በ1945 የተመረተው 600 ጠርሙስ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ያረጀው ተክል ተነቅሎ በአዲስ ተተካ። እንግዲህ ንገረኝ፣ ያን ያህል ገንዘብ በምላስ ይመለሳል? አይመለስም። የተከፈለው ለብርቅነቱ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ክሎ ደ ቩዦ ላይ ታያለህ። 50 ሄክታር ገደማ ነው፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ፣ ሁሉም ግራን ክሩ። ባለቤቶቹ ግን ወደ 80 ይጠጋሉ። ላይኛው ጥግ ያለውም፣ ታች ዋናው መንገድ ዳር ውሃ የሚተኛበት ቦታ ያለውም እኩል አንድ ስም ለጥፎ ይሸጣል። ስለዚህ እዚያ ጠርሙስ ላይ ከማሳው ስም እኩል የአምራቹን ስም ማንበብ አለብህ።

ይህን ያህል ባለቤት ከየት መጣ ካልከኝ፣ ከውርስ ነው። ብዙው የወይን መሬት ጥንት የገዳማትና የመኳንንት ነበር። የፈረንሳይ አብዮት ወረሰውና ሸጠው። ከዚያ የ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ልጆች ሁሉ እኩል ይውረሱ አለ። አባት ይሞታል፣ አራት ልጅ ይካፈላል፣ እነሱም ለልጆቻቸው ያካፍላሉ። አከራዬ ማሳውን ሲያሳየኝ እዚህ ሦስት ረድፍ፣ አጥሩን ተሻግሮ ሌላ አምስት ረድፍ፣ ሌላ መንደር ውስጥ ደግሞ ከአክስቱ የመጣች ቁራሽ መሬት እያለ ነበር። መሃሉ የአጎቱ ልጅ ነው፤ አይነጋገሩም። ርስት ክርክር የሰማ ያገሬ ሰው ይህን ወሬ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በእውነቱ ቡርጎኝን የወደድኩትም በዚህ ነው። ወይን የሚባል የቅንጦት ዓለም አያለሁ ብዬ ሄጄ፣ ያገኘሁት ጭቃ ቦቲ የተጫማ፣ ስለ ድንበር ድንጋይና ስለ ዝናብ የሚያወራ ገበሬ ነው።

ለእንግዳህ ባጭሩ «አንዱ ከዳገቱ ወገብ ነው፣ አንዱ ከሜዳው» በለው። ከገፋህ ደግሞ ርካሹን ከጥሩ አምራች እንዲመርጥ ምከረው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ነኝ፣ እድሜዬ ገፍቷል። አውሮፓ ውስጥ ሃይማኖት ሞቷል ይሉናል። ወይን ደግሞ ለቁርባን የሚቀርብ ነው። እነዚያ ሰዎች ወይኑን ከእግዜር ጋር የሚያገናኙበት ነገር ቀርቷቸዋል ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጤናዎን ያብዛልዎ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ነበር፣ በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ናቸው ያሉት። ግን ወይኑ ራሱ የመነኮሳት ሥራ ነው። ከዲዦን በታች ሲቶ የሚባል ገዳም በ1098 ተመሠረተ። የዚህ ገዳም መነኮሳት ናቸው ቀደም ብዬ ያነሳሁትን የቩዦን ማሳ አቅንተው በግንብ ያጠሩት። ከድንጋይ የተሠራው የወይን መጭመቂያ ቤታቸው ዛሬም ቆሟል። መጭመቂያው ከግንድ የተጠረበ ስለሆነ ግዙፍነቱ ያስደነግጣል፣ ያን እየገፉ ያደሩ ሰዎች ጸሎታቸው መሥራት እንደነበር ይገባዎታል።

ሌላም አለ። የወይን ገበሬዎቹ ጠባቂ ቅዱስ ቪንሰንት ነው፣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ስፔን ውስጥ ሰማዕት የሆነ ዲያቆን። ዲዮቅልጥያኖስን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዓሉ ጥር 22 ነው በእነሱ፣ ከጥምቀታችን ሦስት ቀን ዘግይቶ። ከ1938 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ መንደር ተራው ይደርሰውና ከየመንደሩ ያሉ ማኅበራት የቅዱሱን ምስል ተሸክመው፣ ባንዲራቸውን ይዘው፣ በዚያ ብርድ በማለዳ በማሳው መሃል ይዞራሉ። ከዚያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ግብዣ። እኔ ጥር ላይ አልነበርኩም፣ አከራዮቼ ፎቶውን አሳዩኝ። አባወራው ምስሉን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ ወይ ብለው በጭንቅላቱ አይሆንም ይላል፣ ያን ቀን ግን አይቀርም። እኔ ይህን ሞተ ማለት ይከብደኛል።

ደግሞ ይስቁ እንደሆነ፣ የዲዦን ከንቲባ ሆኖ ከ1945 እስከ 1968 የኖረ ፌሊክስ ኪር የሚባል ካህን ነበር። ነጭ ወይን ከካሲስ ፍሬ አረቄ ጋር ደባልቆ እንግዳ ይቀበል ነበርና መጠጡ እስከ ዛሬ ኪር ተብሎ ይጠራል። ያገራችን ካህናት ይህን እንዳይሰሙ።

ጥያቄ፦ ኅዳር መጨረሻ ላይ ለሥልጠና ዲዦን እሄዳለሁ። ጾመ ነቢያት ነው። ምን እበላለሁ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አትሸፋፍኚ።

መልስ፦ ከባድ ነው የኔ እህት። ያ አገር በቅቤ የሚኖር አገር ነው። የታወቁ ምግቦቹን ብቆጥርልሽ፦ በቀይ ወይን ለሰዓታት የተቀቀለ የበሬ ሥጋ፣ በቀይ ወይን ስጎ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል፣ ኤፗስ የሚባል ሽታው ክፍል የሚያስለቅቅ አይብ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ የተጋገረ ቀንድ አውጣ። (ቀንድ አውጣው በጾምም በፍስክም አይመለከተኝም ብዬ ተውኩት።) ሰላጣ ሲያዙ እንኳን የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ ጣል ያደርጉበታል፣ ምስር ውስጥም እንደዚያው።

«ሥጋ አልበላም» ብትያቸው አይብ ያመጡልሻል። ስለዚህ «ቬጋን» በይ፣ ይህ ቃል ይገባቸዋል። ትንሽ ፈገግታ ጨምረሽ «ሳን ቤር፣ ሳን ፍሮማዥ» ካልሽ ቅቤና አይብ እንዳይገባበት ነገርሻቸው ማለት ነው። ዲዦን የተማሪ ከተማ ስለሆነች የሰሜን አፍሪካና የሊባኖስ ምግብ ቤቶች አሉ። የአትክልት ኩስኩስ፣ ሽምብራ፣ ፈላፍል ያድንሻል። ዳቦው ደግሞ እግዜር የሰጠሽ ነው። «ትራዲሲዮን» የሚባለውን ባጌት ጠይቂ፣ የ1993 ደንብ በዱቄት፣ በውሃ፣ በጨውና በእርሾ እንዲሠራ ያዝዛል፣ ወተትና ቅቤ የለበትም። ክሯሳን ግን አትነኪም፣ ቅቤ የበዛበት ነው። የዲዦን ሰናፍጭ ዳቦ ላይ ቀብተሽ፣ ቲማቲም ከገበያ ገዝተሽ፣ ከዚያ በርበሬና ሽሮ ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። ማብሰያ ያለው ክፍል ብትይዢ ጾሙ ያልቃል።

ስለ ሰናፍጩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ገርሞኛል። ፍሬው በአብዛኛው ከካናዳ ነው የሚመጣው። 2022 ላይ ካናዳ ድርቅ ከመታት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ የሱቅ መደርደሪያ ላይ ሰናፍጭ ጠፍቶ ነበር፣ ዲዦን ራሷ ውስጥ ሳይቀር።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው የምኖረው። ጓደኞቼ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው አገር ሊወስዱኝ ነው። እኔ ግን መጠጥ አልቀምስም (ጴንጤ ነኝ፣ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ)። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ልጠብቃቸው?

መልስ፦ ጓደኞችሽ ሾፌር አገኙ ማለት ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፣ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ጣሪያው ነው፣ መንጃ ፈቃዱ አዲስ ለሆነ ደግሞ 0.2። ስለዚህ ውድ ሰው ሆነሽ ነው የምትሄጂው፣ ምሳሽን ይክፈሉ።

ቅምሻ ቤት ውስጥ አትሳቀቂ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይውጡትም፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለው መትፊያ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። ማንም ጠጪ ብሎ አይጎተጉትሽም፣ አንዳንዱ ቤት የራሱን የወይን ጭማቂ ያቀርብልሻል። ምድር ቤቱን ለማየት ብቻም ቢሆን መውረድ ተገቢ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ግድግዳው ሻጋታ ለብሷል፣ 228 ሊትር የሚይዙ በርሜሎች ተደርድረዋል፣ ሽታው ከእርጥብ እንጨትና ከፍራፍሬ የተቀላቀለ ነው።

ዋናው ግን ቦን ውስጥ ያለው ኦቴል ዲዩ ነው። ይህ የድሆች ሆስፒታል ነበር። የቡርጎኝ መስፍን ቀኝ እጅ የነበረው ኒኮላ ሮላን ከሚስቱ ከጊጎን ደ ሳላን ጋር በ1443 መሠረተው። አገሩ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ደቅቆ፣ ሕዝቡ ተርቦ በነበረበት ጊዜ ነው። ጣሪያው በቀለም ሸክላ የተሠራ ነው፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ጥለት አለው። ውስጡ አንድ ረጅም አዳራሽ አለ፣ አልጋዎቹ ቀይ መጋረጃ ተጋርዶባቸው በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ሕመምተኞቹ ተኝተው ቅዳሴ እንዲሰሙ መጨረሻው ላይ ጸሎት ቤት አለ። እስከ 1971 ድረስ በሆስፒታልነት ሠርቷል፣ አስቢው። የሠዓሊው የሮጊየር ቫን ደር ዌይደን «የመጨረሻው ፍርድ» ሥዕል እዚያው ነው ያለው። ሚካኤል ሚዛን ይዞ መሃል ቆሟል፣ ተኮናኞቹ እየተጎተቱ ሲወርዱ ፊታቸውን አይተሽ አትረሺውም።

ሆስፒታሉን ያኖረው ደግሞ ወይን ነው። ሰዎች ሲሞቱ ማሳቸውን ለሆስፒታሉ ይናዘዙ ነበርና ዛሬ 60 ሄክታር ገደማ አለው። የዚያ ምርት ከ1859 ጀምሮ በጨረታ ይሸጣል፣ ቀኑ የኖቬምበር ሦስተኛ እሁድ ነው፣ ገቢው አሁን በከተማዋ ለሚሠራው አዲስ ሆስፒታልና ለበጎ አድራጎት ይውላል።

ሌላ ቀን ብስክሌት ተከራዪ። ከቦን እስከ ሳንትኔ የሚወስድ የብስክሌት መንገድ በማሳው መሃል ያልፋል፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ፖማርን፣ ቮልኔን፣ መርሶን እያቋረጠ።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዮች ትዕቢተኞች ናቸው ይባላል። እንዴት ተቀበሉሽ?

መልስ፦ ሱቅ ስትገቡ «ቦንዡር» በሉ። ሳትሉ ዕቃ ከጠየቃችሁ እናንተ ናችሁ ባለጌዎቹ። እኛ እንኳን ሰላምታ የምንወድ ሰዎች ነን፣ አይከብደንም። ከዚያ በተረፈ መንደርተኛው ጉጉ ነው። ከየት እንደመጣሁ ስናገር ሯጮችን፣ ቡናን፣ ላሊበላን አነሱልኝ። አንዱ ሽማግሌ ግን ያገሬ ወይን ጥሩ እንደሆነ ጠይቆኝ መልስ ሳልሰጠው የራሱን ቀዳልኝ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፣ ባልና ሚስት። ቦርዶ እንሂድ ቡርጎኝ? መኪና አንነዳም።

መልስ፦ ትልቅ ከተማ፣ ትልልቅ ግቢ ያላቸው ቤቶችና ባሕር ከፈለጋችሁ ቦርዶ (ሌላው የፈረንሳይ የወይን አገር)። ቡርጎኝ ሁሉም ነገር ትንንሽ ነው፣ ለእግረኛ ይመቻል። ከፓሪስ ጋር ደ ሊዮን ጣቢያ ፈጣኑን ባቡር ትይዛላችሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዲዦን ናችሁ። ከዲዦን ቦን በተራው ባቡር 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ባቡሩን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ ዋጋው ይወጣል።

እዚያ ከደረሳችሁ የሚያናድዳችሁ ሰዓት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 (በእኛ አቆጣጠር) አገር ምድሩ ምሳ ላይ ነው። ሱቅ ይዘጋል፣ ቅምሻ ቤት ይዘጋል፣ ፖስታ ቤት ይዘጋል። 8 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ምግብ ቤቱ ወጥ ቤቱን ዘግቶ «አልቋል» ይላችኋል። እሁድ ከሰዓት መንደሩ ውስጥ ዳቦ ፍለጋ የወጣ ሰው ተርቦ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የቦን ገበያ አለ፣ ለሁለት ቀን የሚሆነውን ያን ጊዜ ሸምቱ። ትንንሾቹ አምራቾች ዘንድ በቀጠሮ ነው የሚኬደው፣ ዝም ብሎ በር ማንኳኳት አይሠራም። በለቀማ ሰሞን ጭራሽ ጊዜ የላቸውም። ምግብ ቤት ውስጥ ጉርሻው ሂሳቡ ውስጥ የተካተተ ነውና የአሜሪካውን 20 በመቶ እዚያ አታስለምዱብን። ውሃም አትግዙ፣ «ካራፍ ዶ» በሉ፣ የቧንቧ ውሃ በነፃ ያመጡላችኋል።

ጥያቄ፦ ቦሎኛ፣ ጣልያን ነው ያለሁት፣ የጣልያን መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ወይን ለቀማ ጥሩ ይከፍላል ብለው አንድ ደላላ አገናኙኝ። ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደላላ አትሂድ። የጣልያን መኖሪያ ፈቃድ ፈረንሳይ ሄደህ እንድትጎበኝ እንጂ እንድትሠራ በራሱ አይፈቅድልህም። የጎብኚ ቪዛም እንደዚያው። በሕግ የሚሠራ ሰው የጽሑፍ ውል ይሰጠዋል፣ ዝቅተኛው ክፍያ በ2025 ታክስና መዋጮ ሳይቀነስ በሰዓት 11.88 ዩሮ ነበር፣ ትርፍ ሰዓት ለብቻው ይታሰባል።

ይህን ያህል የማስጠነቅቅህ በከንቱ አይደለም። በ2023 የሻምፓኝ ለቀማ ላይ ከ50 በላይ ስደተኞች፣ ብዙዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ በአሳፋሪ ሁኔታ ታጉረው ሲሠሩ ተገኙ። አልጋ የለ፣ መጸዳጃው የማይገባበት፣ ምግቡ የማይረባ። 2025 ላይ ፍርድ ቤት ሦስት ሰዎችን በሰው መነገድ ጥፋተኛ ብሏል። ሠራተኞቹን ያመጣቸው ማን ይመስልሃል? በመሃል የገባ አገናኝ ነው።

ሥራውንም አይቻለሁና ልንገርህ። ተክሉ አጭር ነው፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ ነው በመቀስ የምትቆርጠው። ጠዋት ብርድና ጭቃ፣ ከሰዓት ፀሐይ። አከራዮቼ ቤት ያሉት ለቃሚዎች ማታ እራት ላይ ይዘፍኑ ነበር፣ ግን ወገባቸውን ይዘው ነው ከወንበር የሚነሱት። ጥሩ ቤት የገባ ሰው ምሳው ትኩስ ነው፣ ክፍያው በወቅቱ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳል። እንዲህ ያለ ቤት ሰው የሚያገኘው ወረቀቱን አስተካክሎ፣ ራሱ ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ ነኝ፣ የድሮ የጉደር ወዳጅ። ያንን ሁሉ ቀምሰሽ ስትመጪ የእኛው ወይን እንዴት ሆነብሽ? ዝዋይ ላይም ፈረንሳዮች እያመረቱ ነው። እኛስ አንድ ቀን እንደርሳለን ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጉደርን አልተውኩም፣ ከጥብስ ጋር ቦታ አለው። ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከቡርጎኝ ጋር አላወዳድረውም።

ዝዋይ የገባው ካስቴል መሠረቱ ቦርዶ ነው። ከ1998 ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው ያው ድርጅት ነው። የመጀመሪያዎቹ የዝዋይ ጠርሙሶች 2014 ላይ ገበያ ወጡ፣ ሪፍት ቫሊ እና አካሽያ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ ናቸው የተተከሉት። ንጹሕ ወይን ነው፣ በዋጋው አላፈርኩበትም።

ነገር ግን የአየሩ ነገር ይለያል። ቡርጎኝ ውስጥ ተክሉ ክረምት ላይ ይተኛል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ገበሬው በዚያ ብርድ ቅርንጫፉን እየከረከመ ማሳው ላይ ያቃጥለዋል። በጸደይ ይነቃል፣ ያኔ ነው ጭንቀቱ። በሚያዝያ 2021 ከባድ ውርጭ መታቸው። አከራዮቼ ሌሊቱን በማሳው መሃል ሻማ ሲለኩሱ አደሩ፣ በየረድፉ ቆርቆሮ ሙሉ ሰም እያነደዱ። እንዲያም ሆኖ ብዙው ቡቃያ ተቃጠለ፣ የዚያ ዓመት ምርት ትንሽ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ክረምት የሚባል ብርድ የለም። ተክሉ የሚተኛበት ጊዜ ስለሌለው ሰው ነው በመከርከምና በውሃ ጊዜውን የሚወስንለት። ከባድ ግብርና ነው፣ ግን ውርጭ አይነካውም።

እንደርሳለን ወይ ላሉኝ፣ እነሱ የትኛው ተዳፋት ምን እንደሚሰጥ ለመለየት ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኔ ብጠየቅ ገና ያልተሞከረ ደጋ ነው የማስበው፣ ከዝዋይ ከፍ ያለ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ፣ ኖራ ድንጋይ ያለበት። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ የግብርና ሰዎች ይሳቁብኝ።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ቦን ያሉ ወላጆቹ ቤት እራት ጋብዞኛል። ምን ይዤ ልሂድ? ወይን ይሻላል?

መልስ፦ ወይን አታምጣ። እነሱ ከምግቡ ጋር የሚሄደውን አስቀድመው መርጠዋል፣ ምናልባትም ከጓዳቸው ሲያወጡት ሳምንት አስበውበታል። የተቆላ ያገራችንን ቡና አንድ ኪሎ ውሰድ፣ ይርጋ ጨፌ ከሆነ ስሙን ያውቁታል። ፈረንሳይ ውስጥ በየቤቱ ያለው ቡና ጥሩ አይደለም፣ ይህን እኔ አልኩ አትበል። 2 ሰዓት ማታ ካሉህ 2 ከሩብ ድረስ፣ ቀድመህ አትሂድ። እና አይቡ የሚመጣው ከዋናው ምግብ በኋላ ስለሆነ ሆድህ ውስጥ ቦታ አስቀር።